ስማቸው የተቀያየረ ሁለት ፊልሞች

ጃንዋሪ 8፣ ሳስካቱን

ሲቀነስ ሠላሳ አራት ዲግሪ። የመኪናዬን የሞተር ማሞቂያ ማታ ሶኬት ላይ መሰካት ረስቼ ጠዋት አልነሳም አለች። በአውቶቡስ መጣሁ። ላብራቶሪ ስገባ መነጽሬን ጉም ሸፍኖት የሥራ ባልደረባዬ ቤርትራንድ ኮት መስቀያ መስሎኝ ኮቴን ልሰቅልበት ነበር።

"እኔ አይደለሁም፤ ያንቺ መስቀያ ያውልሽ" ብሎ የቫኪዩም ማሽኑን ቧንቧ አሳየኝ።

እውነቱን ነው። ከኖቬምበር ጀምሮ የምሰቅለው እዚያ ነው። ሞቅ ስለሚል ቶሎ ያደርቅልኛል።

በምሳ ሰዓት እናቴ ከዮርክተን ደወለች። ቤተ ክርስቲያን ለምታገኛቸው ሴቶች ሁሉ "ልጄ ሌሲያ ፊልም ትሠራለች" ስትል ከርማለች። ለመቶኛ ጊዜ አስረዳኋት። የኔ ፊልም ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባል ነገር ነው፤ ከፀጉር ሺህ ጊዜ አሳንሼ በቫኪዩም ማሽኑ ውስጥ ክሪስታል ላይ አነጥፈዋለሁ። ከዚያ ሌዘር አበራበታለሁ፤ የሚመለሰው ብርሃን አቶሞቹ እንዴት እንደሚንቀጠቀጡ ይነግረኛል። ከሥሩ ያለው ክሪስታል ፊልሙን ከለጠጠው ንዝረቱ ዝቅ ይላል፤ ካጨናነቀው ከፍ ይላል። አለቃዬ ፕሮፌሰር ማግኑሰን ይህን ሲያስተምሩ ዐሥራ አምስት ዓመታቸው ነው፤ እኔ ደግሞ ይህንኑ ሳረጋግጥ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

እናቴ ሰምታ ሰምታ፣ "ታዲያ መቼ ነው የሚወጣው?" አለች።

ኤፕሪል አልኳት። ኤፕሪል ኮሚቴ ፊት ቆሜ ዶክትሬቴን መጨረስ አለብኝ። ካልጨረስኩ ምን እንደምላት አላውቅም።

ጃንዋሪ 15

ሦስት ቁጥር ፊልም አበደች። የተቀመጠችበት ክሪስታል ከርሷ ጋር ልክ ለልክ ስለሆነ ማንም አይለጥጣትም፣ ማንም አይጫናትም። ንዝረቷ ንቅንቅ ማለት አልነበረበትም። አምስት ነጥብ ወርዳለች። አምስት ቁጥር፣ ያቺ በደንብ የተለጠጠችው፣ የወረደችው ሁለት ብቻ ነው።

ሦስቴ ለካሁ። ያው።

ጃንዋሪ 16

ፕሮፌሰር ማግኑሰን ግራፉን አዩት። ሲያስቡ መንደሪን የመላጥ ልማድ አላቸው፤ ልጣጩን ሳይበጥሱ በአንድ ዙር ያወጡታል። ዛሬ ተበጠሰባቸው።

"ሌሲያ፣ ይቺ ሦስት ቁጥር ምን ሆና ነው?"

"እንጃ ፕሮፌሰር። ደግሜ እለካታለሁ።"

"አምስት ዓመት ሞልቶሽ እንጃ ትያለሽ?"

በቁጣ አልተናገሩም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ውጭ ሲወጡ ለዊኒ "ልጅቷ ደክሟታል መሰለኝ" ሲሉ ሰማሁ። ዊኒ ለሠላሳ ዓመት የላብራቶሪውን ማሽኖች ሲጠግኑ የኖሩ ሴትዮ ናቸው። "ማሽኑስ አልደከመውም?" ብለው መለሱላቸው። ሁለቱም ስቀው ሄዱ።

ሦስት ቁጥርን መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት። ግራፉንም በቀኝ በኩል ትንሽ ቆረጥኩት። እዚያ ጋ የማይረባ ጉብታ አለ፣ ዓይን ይወጋል። ለንጽሕና ብዬ ነው።

ጃንዋሪ 22

ትንሽ ተንኮል ሠራሁ።

ቤርትራንድ ኮምፒውተር ላይ የአቶም ንዝረት የሚያሰላ ነው፤ ከግራቬልቡርግ የመጣ፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ፣ በራሱ የሚተማመን። ፊልሙ ምን ያህል እንደተለጠጠና ምን እንደለካሁ እነግረዋለሁ፤ እሱ አስልቶ "ስሌቴ እኮ ያንቺ ሌዘር አያስፈልገውም" እያለ ያበሽቀኛል። ስለዚህ ዛሬ ቁጥሮቹን ስልክለት የሦስትንና የአምስትን ስም አቀያየርኩ። ስሌቱ የሚለውን ያህል ጎበዝ ከሆነ አልገጥምም ይላል፤ እኔም ቢራ እጋብዘዋለሁ። ገጠመልኝ ካለ ግን ዓመቱን ሙሉ እስቅበታለሁ።

ቀልድ ነው። ነገ እነግረዋለሁ።

ስሞቹ ሲቀያየሩ ግራፉ ቆንጆ እንደሚሆን ያስተዋልኩት ከላክሁት በኋላ ነው። ከላክሁት በኋላ ይመስለኛል።

ጃንዋሪ 29

ገጠመለት!

እስከ መጨረሻዋ ነጥብ። ስሌቱ ውስጥ እንደልቡ የሚያዞራት አንዲት ቁልፍ አለች፤ እሷን ትንሽ ነካ አደረጋትና አለቀ። ሽንት ቤት ገብቼ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅሁ። ተመልሼ "ስማ አንተ ጉረኛ" ልለው አፌን ስከፍት ፕሮፌሰሩ ገቡና ስክሪኑን አዩት። መንደሪኑ እጃቸው ላይ እንዳለ ቆሙ። ሁሉም ነጥብ መስመሩ ላይ ተደርድሯል።

"ይኸው" አሉ። "ይኸው በቃ።"

ከዚያ ጨበጡኝ። በአምስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። እጃቸው መንደሪን መንደሪን ይሸታል። እኔም "አመሰግናለሁ" አልኩ።

ምን ማለት ነበረብኝ?

ፌብሩዋሪ 7

ፕሮፌሰሩ ግራፉን ማርች ላይ ሚኒያፖሊስ ለሚደረገው ስብሰባ ልከውታል። ሳልነግራቸው የቀረሁበት ምክንያት ይኸው፤ ሰኞ ጉንፋን ይዟቸው ነበር። ማክሰኞ ስብሰባ ነበራቸው። ረቡዕ ለቤርትራንድ አስቀድሜ ልነግረው ወሰንኩ፤ እሱ ግን እናቱ የጋገረችውን የሥጋ ፓይ ይዞልኝ መጣ። ፓይ ላመጣልህ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ አይነገርም። ሐሙስ ፓይዋን በላሁ።

ፌብሩዋሪ 11

ኮሪደር ላይ ሁለት የኬሚስትሪ ተማሪዎች፤

"የማግኑሰንን ተማሪ ግራፍ አይተኸዋል? በማስመሪያ የተሠመረ እኮ ነው የሚመስለው።"

"እንደዚያ የሚያምር ነገር በተፈጥሮ የለም።"

"ቅናት ይዞሃል።"

እኔ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ቁጭ ብዬ ያልተፈታ የጫማ ማሰሪያ ሳስር ነበር።

ቤርትራንድ ዛሬም ሲስቅ ዋለ። ጠባዩ ነው፤ ሳቁ ከኮሪደሩ ጫፍ ይሰማል። በጣም ይረብሻል። ዛሬ አራት ጊዜ ሳቀ።

ፌብሩዋሪ 15፣ ቅዳሜ

ነገርኩት። ቦታና ጊዜ መምረጥ አልችልበትም።

ከሰዓት ከኬሚስትሪዎቹ ጋር የኩርሊንግ ውድድር ነበረን፤ በረዶ ላይ ከባድ ድንጋይ እያንሸራተቱ ፊት ፊቱን በመጥረጊያ የሚጠርጉበት ጨዋታ ነው። ስምንት ለአንድ እየመሩን ነው። ቤርትራንድ ድንጋዩን ይዞ ተንበርክኮ በረዶው ላይ ሊንሸራተት ሲል፣ እኔ መጥረጊያዬን ይዤ አጠገቡ ቆሜአለሁ። አሁን ካልነገርኩት መቼም አልነግረውም ብዬ፣ "ቤርትራንድ፣ ሦስትንና አምስትን እኔ ነኝ የቀያየርኳቸው" አልኩት።

ድንጋዩ ከእጁ ወጥቶ የሌላ ቡድን ሜዳ ገባ።

"ምኑን ነው የቀያየርሽው?"

"ስማቸውን። ለቀልድ። ስሌትህ ያውቅ እንደሆነ ልፈትን ብዬ።"

ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ። "እኔ ያን ስሌት ሦስት ሳምንት ለሰው ሁሉ ሳሳይ ከርሜአለሁ" አለ። "ለአባቴ እንኳን አሳይቻለሁ። አባቴ ስንዴ ገበሬ ነው፤ ግራፍ አይቶ አያውቅም። ጎበዝ ልጄ አለኝ።"

መጥረጊያውን ሰጠኝና ሄደ። የቀረነው ሦስታችን ጨረስን። ዐሥራ አንድ ለአንድ።

ፌብሩዋሪ 19

አያናግረኝም። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ይውላል። ገመዱ ከምንም ጋር እንዳልተያያዘ አይቻለሁ።

ላብራቶሪው ጸጥ ብሏል። ለሥራ ጥሩ ነው። ምንም አልሠራሁም።

ፌብሩዋሪ 26

ወንበሩን ጎትቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሰላም አላለኝም።

"የሦስት ቁጥርን ሙሉ ግራፍ አምጪ። ያልተቆረጠውን።"

"መቆረጡን ማን ነገረህ?"

"አንቺ ነገር ሲያስፈራሽ ትቆርጫለሽ። ፀጉርሽንም ባለፈው ፈተና ሰሞን እንደዚሁ አደረግሽው።"

ከፈትኩለት። ጉብታዋ በቀኝ በኩል ተቀምጣለች፣ ክብ፣ የማታፍር። ቤርትራንድ ጣቱን አስቀመጠባት።

"ይሄ ውጥረት አይደለም። ኦክስጅን ጎድሏታል" አለ። "አቶሞቹ መሀል ባዶ ቦታ አለ። አስቢው፣ ሰልፍ ላይ ቆመው እጅ ለእጅ የተያያዙ ሰዎች ውስጥ ጥቂቶቹ ሹልክ ብለው ቢሄዱ የቀሩት ላላ ይላሉ። ሲላሉ ይሰፋሉ፤ ንዝረቱም ይወርዳል። የተለጠጠች ትመስላለች እንጂ ማንም አልለጠጣትም።"

"ታዲያ ስሌትህ ለምን ገጠመ?"

"ያቺን ቁልፍ እስኪገጥም ድረስ ስላዞርኳት ነዋ" አለና ጆሮው ቀላ። ቀይ ጆሮ ያምርበታል፤ ማለቴ፣ ብርድ ስለነበር ነው።

ማርች 2

ኦክስጅኑ የት ገባ የሚለውን ለማወቅ ዊኒን ጠራናቸው። ማሽኑን ዙሪያውን ዞሩ። መለኪያውን ነክተው ከሌላ መለኪያ ጋር አስተያዩት። ማሽኑ "በቂ ኦክስጅን አለ" ሲል እውነተኛው ሩቡን ያህል ብቻ ነበር።

"መለኪያው ከነቧንቧው ተጣሟል" አሉ። "ከላይ የሆነ ከባድ ነገር ሲጎትተው ከርሟል። ሲያዩት የኮት መስቀያ የሚመስል ነገር ነው እንዴ ይሄ?"

ቤርትራንድ ጣራውን አየ። እኔም ጣራውን አየሁ።

"የማን ኮት ነው?" አሉ ዊኒ።

"የብዙ ሰው ሊሆን ይችላል" አልኩ።

"ሌሲያ።"

"የኔ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ኖቬምበር።"

ዊኒ ማስታወሻቸውን ገለጡ። አምስት ቁጥር የተሠራችው ኦክቶበር ነው። ሦስት ቁጥር ዲሴምበር። ዊኒ አልተቆጡኝም፤ ከመሣሪያ ሳጥናቸው አንድ ትልቅ ምስማር አውጥተው በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ መቱት። "ይኸው ያንቺ መስቀያ" አሉኝ።

ማርች 4

ለፕሮፌሰር ማግኑሰን ነገርናቸው። ሁለታችንም እንግባ ያለው ቤርትራንድ ነው። ቀልዱን፣ የተቆረጠውን ግራፍ፣ ኮቱን፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል ተናገርኩ። መንደሪኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ አልላጡትም።

"ቀልድ ነበር ነው የምትይው?"

"አዎ ፕሮፌሰር።"

"ቀልድ ነው ካልሽ ቀልድ ነው። ግን በነዚህ አምስት ሳምንታት ስትስቂ አላየሁሽም።"

እውነት እውነቱን፣ ያን ቀን ስሞቹን ሳቀያይር፣ ግራፉ እንደሚያምር ያየሁት ቁጥሮቹን ከመላኬ በፊት ነበር? ይህን ሳስብ ሳምንታት አለፉ። አይቼው ነበር። አይቼው ነው የላክሁት። ይኸው ጻፍኩት።

ፕሮፌሰሩ በመስኮት ወደ ወንዙ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ዞር ብለው፣ ለኔ ሳይሆን ለራሳቸው፣ "ከዐሥራ አምስት ዓመቱ ውስጥ ስንቱ ውጥረት ነው? ስንቱ ጉድለት?" አሉ።

ያኔ ነው ያፈርኩት። እስካሁን የፈራሁት ለራሴ ነበር።

"ከዩኒቨርሲቲ ልባረር?" አልኳቸው።

"ተባርረሽ ማን ይለካል?" አሉ። "አሮጌዎቹን ፊልሞች ከቁም ሳጥኑ አውጡ። ከመጀመሪያው ጀምሮ።"

ማርች 11

ጥድፊያ። ምድጃው ሳምንቱን ሙሉ እየነደደ። ፊልሞቹን በኦክስጅን እናሞቃቸዋለን፤ ጉድለት ካለባቸው ይሞላል፣ ውጥረት ብቻ ከሆነ ባለበት ይቆያል። እጄ ተቃጥሏል፣ ትንሽ። ፔሮጊ፣ ያን ድንች የተሞላ የሊጥ ቅቅል፣ ቆሜ በላሁ። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ጓንት አድርገው ፊልም በመቆንጠጫ ያነሳሉ። ከስንት ዓመት በኋላ? ዊኒ "እጃቸው አልረሳም" አሉ።

ሦስት ቁጥርና አምስት ቁጥር ዛሬ ከምድጃው ወጡ። ነገ ይለካሉ።

ማርች 12

ከቤርትራንድ ጋር የከረረ ጠብ።

ለካሁ። "ሦስት" የተባለችው ከምድጃ ወጥታም ሁለት ነጥብ ዝቅ እንዳለች ናት። "አምስት" የተባለችው ደግሞ ወደ ዜሮ ተመልሳለች። ሁሉ ነገር ተገለበጠ። ጠረጴዛውን መታሁ። ሁለት ወር ገደል ገባ አልኩ። እርሱ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ ያየኛል።

"እስቲ ስሞቹን ሳታይ ቁጥሮቹን ብቻ አንብቢ" አለኝ።

"አንብቤአቸዋለሁ።"

"አንዷ ተመልሳለች፣ ጉብታዋም ጠፍቷል። ሌላዋ ባለችበት ሁለት ነጥብ ላይ ናት። የትኛዋ ናት ጎድሏት የነበረው?"

"የተመለሰችው... አምስት። አይ፣ አምስት ጉድለት የለባትም።"

ያ ሳቁ መጣ። ከኮሪደሩ ጫፍ ድረስ የሚሰማው።

ጠዋት ከኔ ቀድሞ ገብቶ የፊልሞቹን ሣጥን ቀያይሮታል።

መጥረጊያ ባገኝ ወርውሬበት ነበር። ከዚያ ገባኝ። ስሞቹ ቢቀያየሩም ፊልሞቹ አልተታለሉም። እኔ ሳላውቅ ለክቻቸው እውነቱን ነገሩኝ፤ ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ ከየት ይመጣል? ሦስት ቁጥር አምስት ነጥብ የወረደችው በጉድለት ነበር፤ አምስት ቁጥርን ያወረዳት እውነተኛው ውጥረት ሁለት ነው።

"አሁን እኩል ነን" አለኝ።

"አይደለንም። አንተ ወዲያው ነገርከኝ።"

"አዎ" አለ። "እሱን ለአንድ ዓመት እየደጋገምኩ አነሳብሻለሁ።"

ማርች 14

ከሰባቱ የፕሮፌሰሩ አሮጌ ፊልሞች ሁለቱ ተንቀሳቀሱ። አምስቱ ጸኑ። ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን ደጋግመው አነበቡት። ሁለት የቆዩ ጽሑፎቻቸው ላይ ማረሚያ መጻፍ ጀምረዋል፤ በስማቸው፣ እኔን ሳይጠቅሱ። "ያኔ ኮትሽ አልነበረም፤ መለኪያውን በየጊዜው ማየት የኔ ሥራ ነበር" አሉ። መንደሪኑን ላጡት። በአንድ ዙር ወጣ።

ማርች 19፣ ሚኒያፖሊስ

ንግግሩን አንቺ አድርጊ ተባልኩ። ቀልዱ ካንቺ ነው፣ ንግግሩም ካንቺ ይሁን አሉ ፕሮፌሰሩ። የመጀመሪያው ስላይድ ያ የሚያምረው ግራፍ ነበር። አዳራሹ አደነቀ፤ አየሁት። ከዚያ "ይህ ግራፍ ውሸት ነው፤ የሠራሁትም እኔ ነኝ" አልኩ። አንድ ሰው ሳል ያዘው።

ሃያ ደቂቃ ተናገርኩ። ሲያልቅ ከኋላ አንዲት ሽማግሌ ሴት ተነስተው፣ "እኔም ቆርጬ የማውቀው ጉብታ አለ። በ1991። አሁን ሄጄ አየዋለሁ" አሉ። የሳቁ ነበሩ፤ ጥቂቶች ደግሞ አልሳቁም፤ ማስታወሻቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ።

ቤርትራንድ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር። አላየሁትም። ሰማያዊ ሹራብ ነበር የለበሰው።

ኤፕሪል 23

ኮሚቴ። ለሦስት ሰዓታት።

አወጡኝ፣ አስጠሩኝ። ፕሮፌሰር ማግኑሰን ናቸው የተናገሩት። "ሥራሽ ጥሩ ነው። ግን አዲሱ ጥያቄ ከአሮጌው ይበልጣል፤ ውጥረቱንና ጉድለቱን ለየብቻ መለካት አለብሽ። ሌላ ስድስት ወር ያስፈልጋል።" ቀጥለውም፣ "ስሌቱን የሚሠራልሽ ሰው አብሮሽ ቢቆይ ይጠቅማል። ቤርትራንድ ሴፕቴምበር ላይ ሞንትሪያል ሊሄድ ነበር፤ ጠይቄው ነበር፣ እቆያለሁ ብሏል" አሉ።

ስድስት ወር። በጣም አዘንኩ።

ለእናቴ ደወልኩላት። "ፊልሙ ተራዝሟል" አልኳት። "ጥሩ ፊልም ጊዜ ይወስዳል" አለች፤ ለቤተ ክርስቲያኗ ሴቶችም እንደዚያ ብላ ልትነግራቸው ነው።

ቤርትራንድ ኮሪደሩ ላይ ይጠብቀኝ ነበር። በጣም እንዳዘንኩ ነገርኩት። እርሱም በጣም እንዳዘነ ነገረኝ። ውጭ በረዶው ቀልጦ ጎዳናው ሁሉ ጭቃ ሆኗል። እንደዚያ አዝነን ወንዙ ዳር ወዳለው ምግብ ቤት ሄድንና የቤሪ ፍሬ ፓይ አዘዝን፤ ሁለት ቁራጭ፣ ከዚያ ሌላ ሁለት። አስተናጋጇ "ምን እያከበራችሁ ነው?" አለችን።

ሁለታችንም በአንድ ድምፅ "ምንም" አልን።